ነጭ አውሮፕላን፣ ነጭ ደመና፦ የግላይደር ውድድርና የግጭት ማንቂያው

ግላይደር የሚባለው ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነጭ ነው። ለውበት ተብሎ አይደለም። አካሉ የተሠራበት ፋይበርና ሙጫ ፀሐይ ላይ ሲግል ጥንካሬው ስለሚቀንስ ሙቀት የማይስብ ቀለም ያስፈልገዋል። ችግሩ ሰማዩም ነጭ መሆኑ ነው። ሞተር የሌለው አውሮፕላን አየር ላይ የሚቆየው ከመሬት ሞቆ ወደ ላይ የሚወጣ አየር እየፈለገ ነው። ያ አየር የት እንዳለ የሚጠቁመው ደግሞ አናቱ ላይ የሚቆለለው ጥጥ የመሰለ ደመና ነው። እናም ሁሉም ነጭ ሆኖ ወደ ነጩ ይሄዳል። ሆን ብላችሁ መደበቂያ ብትፈልጉ ከዚህ የተሻለ አታገኙም።

ውድድር ሲሆን ይብሳል። በዓለም ሻምፒዮና አንድ ሜዳ ላይ ከመቶ በላይ ግላይደር ሊሰለፍ ይችላል። በጎታች አውሮፕላን እየተጎተቱ ተራ በተራ ይነሣሉ። ገመዱን ይለቃሉ። ከዚያ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በተመደቡ መታጠፊያዎች በኩል ዞረው ይመለሳሉ። ፈጥኖ የጨረሰ ያሸንፋል። ጥሩ የሚያወጣ አየር የተገኘበትን ቦታ ሁሉም ስለሚፈልገው፣ ሃያ ሠላሳ ግላይደር አንድ የአየር ዓምድ ውስጥ ተደራርቦ ሲሽከረከር ማየት ብርቅ አይደለም። በስፖርቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች መንጋ ይሉታል።

መንጋው ውስጥ ገብተን እንየው። አንድ ግላይደር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ 40 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ የሚዞረው ክብ ከመሐል እስከ ጠርዝ ወደ 95 ሜትር ይሆናል። አንዱን ዙር በ21 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። እዚያው ከፍታ ላይ ከፊት ለፊቱ የሚዞረው ሰው ከ200 ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው ያለው። የእያንዳንዳቸው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ወይም 18 ሜትር ነው። ከላይ ሌላ አለ፣ ከታች ሌላ አለ። የላይኛው ከመቀመጫው በታች ያለውን አያይም። የታችኛው ደግሞ የተሻለ አየር ካገኘ ቀስ እያለ ወደ ላይኛው ሆድ ይጠጋል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ማንም ምንም ሳያጠፋ ነው።

ለብዙ ዓመታት የነበረው መከላከያ አንድ ብቻ ነበር፤ ዐይን። አይቶ መሸሽ። መርሁ ዛሬም አልተሻረም፤ አብራሪ ሁሉ የሚማረው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ዐይናችን ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አይመስልም። ጥርት አድርጎ የሚያየው መሐሉ ላይ ባለች በጣም ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ በደብዛዛው ነው የሚያየው፤ እዚያ ላይ ዐይናችንን የሚጠራው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ቀጥ ባለ መስመር እየመጣ የሚጋጨን አውሮፕላን አይንቀሳቀስም። መስታወቱ ላይ እንዳረፈች ዝንብ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። መጠኑም ለረጅም ጊዜ አይለወጥም፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ድንገት ይተልቃል። ወዲያ ወዲህ የሚለው አውሮፕላን የማይነካን ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ባወጣው ማሳሰቢያ ላይ የሚጠቀስ አንድ ታዋቂ ስሌት አለ። ነገሩን ከማየት ጀምሮ አውሮፕላን መሆኑን መለየት፣ ሊጋጨኝ ነው ብሎ መረዳት፣ ወዴት ልሽሽ ብሎ መወሰን፣ እጅን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝ መጠበቅ፤ ሲደመር 12.5 ሰከንድ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው «ሊጋጨኝ ነው» ብሎ መረዳቱ ነው፤ 5 ሰከንድ። እጅ ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ግን ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

አሁን ሁለት ግላይደሮች አንድ የደመና ረድፍ ሥር፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር፣ ፊት ለፊት እየመጡ ነው እንበል። በየሰከንዱ 111 ሜትር ይቀራረባሉ። 12.5 ሰከንድ ማለት ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ርቀት ላይ ከፊት የሚታየው የግላይደር አካል ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክንፉ ቀጭን ስለሆነ ከሩቅ አይቆጠርም። አንዲት የ1 ሚሊ ሜትር ነጥብ ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ግድግዳ ላይ ማየት እንደማለት ነው። ያውም ነጭ ነጥብ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ። ጤነኛ ዐይን ያንን ለመለየት ወሰኑ ላይ ነው። እንግዲህ «በደንብ ብታይ ኖሮ» የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ ፍርደ ገምድል ነው።

የማይታየውን የሚያሳየው ሣጥን

እ.ኤ.አ. በ2004 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ራሳቸው ግላይደር የሚያበሩ ጥቂት መሐንዲሶች አንዲት ትንሽ ሣጥን ይዘው ብቅ አሉ። በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚደርሱት ግጭቶች ናቸው ለሥራ ያነሣሷቸው። ስሟን ፍላርም አሏት። አሠራሯ ቀላል ነው። በጂፒኤስና በአየር ግፊት መለኪያ ያለችበትን ቦታና ከፍታ ታውቃለች። ከዚያ በመነሣት ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ ትገምታለች። ይህንኑ በየሰከንዱ በአነስተኛ ሬዲዮ ትናገራለች፤ በአውሮፓ 868 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነፃ ሞገድ ትጠቀማለች። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለችው ሌላዋ ሣጥን ትሰማና ከራሷ ግምት ጋር ታስተያያለች። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙ ከሆነ ትጮኻለች፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣም በመብራት ትጠቁማለች። ዛሬ ከ50 ሺህ በላይ አውሮፕላኖች ላይ ተገጥማለች። በብዙ ትልልቅ ውድድሮች ያለሷ መነሣት አይፈቀድም።

የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከዚያ በፊት ጀምሮ የግጭት መከላከያ አላቸው። ታዲያ ለምን እሱን አልወሰዱም? ግላይደር ስለሚዞር ነው። ዝም ብሎ ርቀትንና የመቀራረብ ፍጥነትን የሚለካ መሣሪያ መንጋ ውስጥ ቢገባ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያብዳል። ፍላርም ግን የተሠራችው ለዚህ ነው። ይሄ ሰው እየዞረ ነው፣ ያም እየዞረ ነው፣ ክቦቹ ስለማይገናኙ ዝም ልበል ትላለች። እውነተኛው ፈጠራ ሬዲዮው አይደለም፤ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ማወቋ ነው።

ማንቂያዋ በሦስት ደረጃ ይመጣል። የመጀመሪያው ከግጭቱ በፊት እስከ 18 ሰከንድ ሲቀር፣ ሁለተኛው እስከ 13፣ የመጨረሻው ከ8 ሰከንድ ወዲህ። ከላይ ያልነውን 12.5 ሰከንድ እዚህ ላይ አምጡት። የመጨረሻው ጩኸት ሲሰማ ያለ መሣሪያ ብንሆን ጊዜው አልፎብን ነበር። ሆኖም ሣጥኗ «አውሮፕላን ነው» እና «ሊጋጭህ ነው» የሚሉትን ሁለቱን ሥራ ጨርሳ ነው የምትሰጠን። ለአብራሪው የሚቀረው ፈልጎ ማግኘትና መሸሽ ነው። ወዴት እንደሚሸሽ ግን አትነግረውም፤ የመንገደኛ አውሮፕላኑ መሣሪያ «ውጣ»፣ «ውረድ» ይላል፣ ይህች አትልም። ጥሩም አደረገች። ሠላሳ ግላይደር ባለበት «ውረድ» ማለት አንዱን አድኖ ሌላው ላይ መጣል ሊሆን ይችላል።

ወደ መንጋው ስንመለስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሣጥኗ በጥሩ ሁኔታ የምትሠራው ሁለት ሰዎች ከሩቅ ሲመጡ ነው። 150 ሜትር ርቀት ላይ አብሮን እየዞረ ያለ ሰው የአየሩን መሐል ፍለጋ ድንገት ክቡን ቢያጠብ፣ ግምቱ የሚለወጠው ያኔ ነው። 18 ሰከንድ የሚባል ነገር የለም፤ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ቢገኝ ነው። በሌላ አነጋገር ውድድር ውስጥ ሰው በብዛት የሚጠጋጋበት ቦታና መሣሪያው የሚደክምበት ቦታ አንድ ነው። ሻጩም ገዢውም ይህን ጮክ ብለው ሲናገሩ ብዙ አይሰማም።

ሌላው ራስ ምታት አንቴናው ነው። ዘመናዊ ግላይደር ብዙውን ጊዜ በካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው፤ ካርቦን ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም። አንቴናው በመጥፎ ቦታ ከተገጠመ ከፊት ያለውን ሁሉ እየሰማ ከኋላ በታች ላለው ግን ድዳም ደንቆሮም ሊሆን ይችላል። አብራሪው ይህን የሚያውቅበት ቀላል ምልክት የለውም፤ ስክሪኑ ባዶ ሲሆን ሰማዩ ባዶ ይመስለዋል። የበረራ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ጭኖ በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል ርቀት እንደሚሰማ መመርመር ይቻላል። ከመቶ አብራሪ ስንቱ ይህን ያደርጋል ብትሉኝ ዝም እላለሁ።

ማየት ሌላ፣ መሰለል ሌላ

ሚካ ኤንድስሊ የተባለች አሜሪካዊት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1995 የዙሪያ ግንዛቤን በሦስት ደረጃ ከፍላ አስቀምጣለች። ያለውን ማየት፣ ያየነው ምን ማለት እንደሆነ መረዳት፣ ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን መገመት። በዚህ ዐይን ካየነው ማንቂያ ግንዛቤ አይደለም። ማንቂያ የሚጮኸው ግንዛቤው ሲከሽፍ ነው። ጥሩ አብራሪ መንጋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አራት ከላይ፣ ሁለት በኔ ደረጃ፣ አንዱ ከታች እየመጣ ነው ብሎ ይቆጥራል። በገባ ቁጥርም ሒሳቡን ያድሳል። አንዱ ከጎደለበት ያ የጎደለው ነው የሚያስጨንቀው።

ስክሪን ለዚህ ሊረዳ ይችላል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ዙሪያውን ያሉትን እንደ ራዳር ይሥላሉ። ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንዳለ፣ በየሰከንዱ ስንት ሜትር እየወጣ እንደሆነ ጭምር ያሳያሉ። ጠቡ የተነሣው እዚህች የመጨረሻዋ ላይ ነው። በግላይደር ውድድር ከሁሉ የሚበልጠው ምሥጢር ጥሩ አየር የት እንዳለ ነው። እኔ ሰማይና መሬት አንብቤ፣ ደመና መርምሬ ያገኘሁትን፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ወዲያ ያለ ተፎካካሪዬ ስክሪን ላይ «በሰከንድ 3 ሜትር» የሚል ቁጥር አይቶ ዘው ብሎ ይመጣል። ሣጥኗን የገዛነው ላለመሞት ነው፤ አሁን ደግሞ ሰላይ ሆና ቁጭ አለች።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው መጀመሪያ ስውር ሞድ፣ በኋላ የውድድር ሞድ የተባለው ቅንብር ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ የግጭት ማንቂያው እንዳለ ይቆያል፣ ሩቅ ያለው ግን አይታይም። 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የገባ ብቻ ይታያል፤ ስሙና የሚወጣበት ፍጥነት ይደበቃል። ሌላውን ማየት የፈለገ ራሱን መደበቅ እንዳይችል ቅንብሩ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል። የማይናገረውን ሰማይ እንዲናገር አድርገን ስናበቃ፣ አፉን ለማዘጋት ተጣላን ማለት ነው።

ተቃዋሚዎቹ የዋዛ ክርክር የላቸውም። ፊት ለፊት ለሚመጣ ግላይደር 2 ኪሎ ሜትር ማለት 18 ሰከንድ ነው። እሱ ደግሞ የማንቂያው ጊዜ እንጂ የግንዛቤ ጊዜ አይደለም። አምስት ኪሎ ሜትር ላይ «ከፊቴ ሦስት ሰዎች እየመጡ ነው» ብሎ ያወቀ ሰው ቀድሞ ወደ ጎን ይላል፤ ማንቂያ ሳይሰማ ቀኑን ይጨርሳል። ለውድድሩ ፍትሐዊነት ተብሎ የደኅንነት መሣሪያን ማደንዘዝ ነውር ነው ይላሉ።

ደጋፊዎቹም አላቸው። ስክሪኑ ብዙ ባሳየ ቁጥር ዐይን ወደ ውስጥ ይገባል። አብራሪው ውጭ መቃኘቱን ትቶ ማን የት እየወጣ ነው እያለ ሥዕል ላይ ያፈጥጣል። ከዚያም ሁሉም ተመሳሳይ ቁጥር አይቶ ወደ ተመሳሳይ ቦታ ይሮጣል፤ መንጋው ይወፍራል። ግጭትን ለመከላከል የመጣ መሣሪያ ሰው እየሰበሰበ ነው ማለት ነው።

እኔ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ፣ ግን በግማሽ ልብ። የሚወጣበትን ፍጥነትና ስሙን መደበቅ ደኅንነትን አይነካም፤ ከመጋጨት ለመዳን የተፎካካሪ ስም አያስፈልገኝም። ርቀቱን ማሳጠሩ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ማሰሩ ይመስለኛል ክርክሩን ያበላሸው።

መሬት ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ አለ። ኦፕን ግላይደር ኔትወርክ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች መረብ የፍላርምን ሬዲዮ የሚሰሙ ተቀባዮችን በየቦታው ተክሎ የግላይደሮቹን እንቅስቃሴ ኢንተርኔት ላይ ያሳያል። የጠፋ አውሮፕላን ለመፈለግ ትልቅ ነገር ነው። ለውድድር ግን ሌላ ቀዳዳ ከፈተ፤ መሬት ላይ የተቀመጠ አሰልጣኝ ስክሪን እያየ በሬዲዮ ሊመራ ይችላል። አዘጋጆች ለተመልካች የሚያሳዩትን ክትትል ሆን ብለው የሚያዘገዩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2020 አውስትራሊያ ሌክ ኪፒት በተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የአስተናጋጇ አገር ቡድን ያልዘገየ መረጃ ሲጠቀም ተገኝቶ የነጥብ ቅጣት ተጣለበት። በዚያ ጨዋ በሚባል ስፖርት ትልቅ ጉድ ነበር።

ሣጥኑን የማይሰሙት

ፍላርም የምትሰማው ቢጤዋን ነው። ሌላው ሰው ከሌለው፣ ወይም ካጠፋው፣ የለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ከሬኖ ደቡብ ምሥራቅ፣ አንድ ሆከር ጄትና አንድ ግላይደር ወደ 16 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ተጋጩ። ግላይደሩ መኖሩን ለጄቱ ሊያሳውቅ የሚችል ትራንስፖንደር የሚባል የሬዲዮ መሣሪያ ተገጥሞለት ነበር። ግን አልበራም፤ አብራሪው ስለ ባትሪው እርግጠኛ አልነበረም። ሞተር ስለሌለ ባትሪ የሚሞላ የለም፣ የያዙት ይዘው ነው ቀኑን የሚጨርሱት። የግላይደሩ አብራሪ በፓራሹት ዘለለ። ጄቱ አፍንጫው ተበጣጥሶ ካርሰን ሲቲ በሆዱ አረፈ። ሁሉም ተረፉ። ተአምር ማለት ካለ እሱ ነው።

አዳዲሶቹ የፍላርም ዓይነቶች የትላልቅ አውሮፕላኖችን ትራንስፖንደርና ኤዲኤስ-ቢ የሚባለውን፣ ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቁበትን ስርጭት ይሰማሉ። አንዳንዱ ትራንስፖንደር ግን ቦታውን አይናገርም፤ የሚታወቀው ቅርብ መሆኑና ከፍታው ብቻ ነው። «አንድ ነገር አለ፣ በደረጃህ ነው፣ ከየት እንደሆነ አላውቅም» እንደማለት ነው። ይሄ ማንቂያ ነው ወይስ ማስደንገጫ? ድሮኖች ሲበዙ ደግሞ አውሮፓ ከጥር 2023 ጀምሮ ለድሮን በተከለለ ሰማይ የሚያልፍ፣ በበረራ ተቆጣጣሪ የማይመራ ባለ አብራሪ አውሮፕላን ያለበትን እንዲያሳውቅ ግዴታ አድርጋለች። ለዚያ የሚሆን ኤዲኤስ-ኤል የተባለ ርካሽ የጋራ ቋንቋም አውጥታለች። ሁሉም አንድ ቋንቋ ቢናገር ደስ ይላል። እስከዚያው ግን ሰማዩ ላይ ያሉት ሣጥኖች ገና እርስ በርስ በደንብ አይግባቡም።

መንጋውን የሚሰበስበው ማን ነው?

ይህን ሁሉ ብለን አንድ ነገር ብንዘል ትልቁን ነገር ዘለልን። መንጋ ከሰማይ አይወርድም። ሕጉ ነው የሚሠራው። ሰዓት መቆጠር የሚጀምርበት፣ አየር ላይ ያለው የመነሻ መስመር ከተከፈተ በኋላ አብራሪው መቼ እንደሚጀምር ራሱ ይመርጣል። ቀድሞ የሄደ ጥሩውን አየር ለኋለኞቹ ምልክት አድርጎላቸው ያልፋል፤ ዘግይቶ የተነሣ ያንን ምልክት እየተከተለ ፈጥኖ ይደርስበታል። ስለዚህ ማንም ቀድሞ መሄድ አይፈልግም። ሁሉም መስመሩ አጠገብ፣ ደመናው ሥር፣ አንዱ አንዱን እያየ ይዞራል። አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ። አንዱ ሲወጣ ሌሎቹ ይለጠፉበታል። ዐይን የሚደክመው፣ ሰው የሚሰለቸው፣ ከፍታው የሚጣበበው እዚያ ነው።

ዓለም አቀፉ የግላይዲንግ ኮሚሽን ይህን ያውቃል። ከሞከራቸው መንገዶች አንዱ አብራሪው ለመጀመር ሲያስብ መሣሪያው ላይ ያለ ቁልፍ እንዲጫን ማድረግ ነው። ከተጫነ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ለአጭር ጊዜ በሩ ይከፈትለታል። ተለጣፊው ማን መቼ እንደተጫነ አያውቅም፤ ዝም ብሎ መከተል ይከብደዋል። ሌላው መንገድ በአንድ የመታጠፊያ ነጥብ ፈንታ ሰፊ ክልል ሰጥቶ እያንዳንዱ የት ድረስ ሄዶ እንደሚታጠፍ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ያኔ ሰው ይበታተናል። ተመልካች ግን ማን እየመራ እንደሆነ ስለማይገባው አይወደውም፤ ፊት ለፊት የሚታይ ሩጫ የሚፈልጉ አብራሪዎችም ያጉረመርማሉ። ለኔ ግን ከአዲስ ስክሪን ይልቅ እነዚህ አሰልቺ የሚመስሉ የሕግ ለውጦች ላይ ብዙ ተስፋ አለ።

ግላይደሩ ላይ ያለው መዝጋቢ ቦታውን በየጥቂት ሰከንዱ፣ አንዳንዱም በየሰከንዱ ይጽፋል፤ ነጥብ የሚሰጠውም በዚያ ነው። ማታ ሁሉም ፋይል ከተሰበሰበ በኋላ ማን ከማን ጋር ስንት ሜትር እንደተጠጋጋ ማስላት ይቻላል። ሁለት መስመሮች ስክሪን ላይ ተደራርበው ሲታዩ፣ ባለቤቶቹ ተጠርተው ሲጠየቁ፣ የሚሉት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ አላየሁትም። ማንቂያው አልጮኸም ወይ ሲባሉ አንዱ ጮኾ ነበር ይላል። ሌላው ትንሽ ያስባል። መነሻው ላይ ስንዞር ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ስለዋለ የትኛው እንደሆነ አላስታውስም ይላል።